ፓምፕ መጠገን እችላለሁ፤ መቻሌን ግን ማን ይፈርምልኛል?

መቂ ውስጥ የውሃ ፓምፕ እጠግናለሁ። ደንበኞቼ በዝዋይ ሐይቅ ዳርና በመቂ ወንዝ ግራና ቀኝ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ጥቅል ጎመን የሚያለሙ ገበሬዎች ናቸው። አብዛኞቹ በመስኖ የሚያለሙት መሬት ቢበዛ ግማሽ ሄክታር ነው። እኔም ያለኝ አንድ ሞርሳ፣ አንድ የብየዳ ማሽን፣ የቁልፍ ሳጥንና ከጋራዥ ያመጣሁት ሙያ ነው።

ይህን የምጽፈው ለሁለት ዓይነት ሰዎች ነው። አንደኛው እንደ እኔ በሥራ ላይ የሰለጠነ ባለሙያ ነው። መካኒክ፣ በያጅ፣ ግንበኛ ወይም አናጢ ሊሆን ይችላል። ሌላው ማሳው ላይ ምርት እያለው እጁ ላይ ገንዘብ የማይገኝ ገበሬ ነው። ሁለታችንንም የሚያግደን ነገር አንድ ነው ብዬ አምናለሁ። እንሠራለን፣ ሥራችንም ይታያል። ግን ባንክም ቢሮም የሚቀበለው ወረቀት ላይ አልሰፈረም።

ሙያውን የተማርኩት ሞጆ ነው። አንድ የጭነት መኪና ጋራዥ በረዳትነት ገባሁ። መጀመሪያ የሚሰጥህ ሥራ ዕቃ በናፍጣ ማጠብና ቁልፍ ማቀበል ነው። ቀስ እያልክ ኩሽኔታ ታወጣለህ፣ የፒስተን ፋሻ (ቀለበት) ትቀይራለህ። ደሞዝ የሚባል ነገር የለም። የምሳ ብር አለ፣ አንዳንዴ ደንበኛ ጉርሻ ይሰጣል። እንዲህ እያልኩ ሙሉ ሞተር አውርጄ እስከ መግጠም ደረስኩ። መቂ የመጣሁት አንድ ዘመዴ «እዚህ ፓምፕ በሽ ነው፣ የሚጠግነው ሰው ነው የጠፋው» ስላለኝ ነው። እውነቱን ነበር።

ስለ ሥራው ትንሽ ልበል። የዚህ ሙያ ዋጋ ካልገባን የቀረውም አይገባንም።

ብዙ ሰው ፓምፕ መጠገን ማለት የቆመ ሞተር ማስነሳት ይመስለዋል። ገበሬውን ይበልጥ የሚጎዳው ግን ሞተሩ እየሠራ ውሃ የማይሰጥ ፓምፕ ነው። የቆመውንማ ወዲያው ወደ ጠጋኝ ያመጣዋል። እየሠራ የሚያባክነው ግን ወቅቱን ሙሉ ነዳጅ ይበላዋል።

አንድ ስሌት ላሳያችሁ። ሩብ ሄክታር ሽንኩርት አንድ ጊዜ በደንብ ለማጠጣት 100 ሜትር ኩብ ያህል ውሃ ይፈልጋል። በደንብ የሚሠራ ባለ 3 ኢንች የቤንዚን ፓምፕ እኛ አካባቢ በሰዓት 30 ሜትር ኩብ ገደማ ይሰጣል። ስለዚህ ከ3 ሰዓት ብዙም ሳይርቅ ያጠጣል። «ሲል» የምንለው የውሃ ማተሚያ ቀለበቱ ያለቀ ወይም የመምጠጫ ቱቦው አየር የሚያስገባ ፓምፕ ግን 20 ሜትር ኩብ ቢሰጥ ነው። ያኔ ያው ማሳ 5 ሰዓት ይፈጃል። ሞተሩ በሰዓት ሊትር ተኩል የሚበላ ከሆነ በአንድ ማጠጣት 2 ሊትር ተኩል ያለ ጥቅም ተቃጠለ ማለት ነው። ሽንኩርት በየ5 እና 6 ቀኑ ይጠጣል። ተተክሎ እስኪነቀል ሲደመር በአንድ ወቅት 40 ሊትር ቤንዚን ገደማ ይሆናል። ይህ ሁሉ የሚባክነው በአንዲት ትንሽ ሲል ምክንያት ነው።

ይህን ለማወቅ መካኒክ መሆን አያስፈልግም። በማሳው ጫፍ የሚወጣው ውሃ አረፋ እየቀላቀለ ከሆነ መምጠጫው አየር ያስገባል። ማያያዣውን አጥብቃችሁ እዩት። ካልተሻለ ቱቦው ተሰንጥቋል ወይም ሲሉ አልቋል። ፓምፑን ሆዱ ውስጥ ውሃ ሳትሞሉ አታስነሱ። ሲሉን የሚያቃጥለው እሱ ነው። ዘይት አዲስ ሞተር ላይ ከመጀመሪያው 20 ሰዓት በኋላ ይቀየራል፣ ከዚያ በየ100 ሰዓቱ።

ሌላው ከፍታ ነው። ዝዋይ ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ 1,636 ሜትር ላይ ነው። በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሩ በባሕር ወለል ላይ ከሚሰጠው ጉልበት አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። ካርቶኑ ላይ «8 ሜትር ይስባል» ተብሎ የተጻፈውም እዚህ አይሠራም። ከ6 ሜትር በላይ ባትለፉ ይሻላል። በበጋ ሐይቁ ሲሸሽ ብዙ ገበሬ ፓምፑን እዛው ትቶ የመምጠጫ ቱቦ ይቀጥላል። ፓምፑን ወደ ውሃው አስጠግታችሁ የመግፊያውን ቱቦ አስረዝሙ። ፓምፕ ከመሳብ ይልቅ መግፋት ላይ ጎበዝ ነው።

ይህን ሁሉ የማውቀው ከሥራ ነው። አሁን ወደ ወረቀቱ ልምጣ።

አንድ ጊዜ አንድ ፕሮጀክት ለገበሬ ማኅበራት የተሰጡ ፓምፖችን ለማስጠገን ጨረታ አወጣ። ከፓምፖቹ ብዙዎቹን አውቃቸዋለሁ፣ አንዳንዶቹን ከዚህ በፊት ጠግኛቸዋለሁ። ሰነዱ ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የሙያ ብቃት ማረጋገጫና የጨረታ ማስከበሪያ ይጠይቃል። አንዱም አልነበረኝም። ሥራውን ከአዲስ አበባ የመጣ ድርጅት አሸነፈ። ከዚያ የድርጅቱ ሰው መቂ መጥቶ ጠጋኝ ሲያጠያይቅ ወደ እኔ ላኩት። ፓምፖቹን የጠገንኩት በመጨረሻ እኔው ነኝ። የተከፈለኝ ግን የቀን ሠራተኛ ሒሳብ ነው። በድርጅቱ አልፈርድበትም፣ ሰነዱን አሟልቶ ነው ያሸነፈው። የሚያንገበግበኝ ሙያውም ፓምፑም ገበሬውም እዚሁ እያሉ ገንዘቡ ዞሮ መሄዱ ነው።

ከዚያ በኋላ ወረቀቱን አንድ በአንድ ማሟላት ጀመርኩ። ያገኘሁትን ልንገራችሁ።

የሙያ ብቃት ማረጋገጫ፣ ሰው ሲኦሲ የሚለው፣ ኮሌጅ ለጨረሱ ብቻ ይመስለን ነበር። አይደለም። በሥራ ላይ የተማረ ሰውም መመዘን ይችላል። ምዘናው በደረጃ የተከፋፈለ ነው። ምዘናው የጽሑፍና የተግባር ክፍል አለው። ለመመዝገብ መታወቂያ፣ ፎቶግራፍና የምዘና ክፍያ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። ልምዳችሁን የሚያሳይ ደብዳቤም ይጠይቃሉ። እኔን ያንገላታኝ ደብዳቤው ነው። የተማርኩበት ጋራዥ ፈርሷል፣ ጌታዬም አገር ለቋል። ደብዳቤ የሚጽፍልኝ ሰው አልነበረም።

ያዳነኝ ደብተሬ ነው። መቂ ከመጣሁ ጀምሮ የጠገንኩትን እመዘግባለሁ። ቀን፣ የባለቤቱ ስም፣ የፓምፑ ዓይነት፣ ብልሽቱ፣ የቀየርኩት ዕቃ፣ የተቀበልኩት ገንዘብና የባለቤቱ ፊርማ። መጀመሪያ የጻፍኩት ዱቤዬን ላለመርሳት ነበር። ደብተሩን ይዤ ወደ ገበሬዎቹ የኅብረት ሥራ ማኅበር ሄድኩ። የአመራር አባላቱ ስማቸውን እዛው ላይ አገኙት። በዚያ መነሻ በማኅተም የተደገፈ የምስክርነት ደብዳቤ ጻፉልኝ፣ ቀበሌውም አጸናው። እባካችሁ የምትሠሩትን ሥራ ጻፉ። ግንበኛ ከሆናችሁ የሠራችሁትን ቤት ፎቶ አንሱ፣ የባለቤቱን ስልክና ቀኑን ጻፉ። ዛሬ ማንም አይጠይቃችሁም። የሚጠየቅበት ቀን ሲመጣ ግን ወደ ኋላ ተመልሶ መሥራት አይቻልም።

የተግባር ምዘናው ለሠራ ሰው አይከብድም። መዛኙ እጅህን ያያል። ዕቃ እንዴት እንደምትይዝ፣ የደህንነት መነጽር ማድረግህን፣ ሥራ ስትጨርስ ቦታውን ማጽዳትህን ጭምር ይመዘግባል። ጋራዥ ውስጥ እነዚህን የሚያስተምር ስለሌለ በሥራው ጎበዝ ሆነው እዚያ ላይ የሚወድቁ አሉ። ጽሑፉ ነው የሚያስፈራው። ጥያቄው ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ላቆመ ሰው ይከብዳል። የሙያውን ደረጃ ሰነድ አስቀድማችሁ ከምዘና ማዕከሉ ወይም ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ጠይቁ። ጥያቄው የሚወጣው ከእሱ ነው። እኔ ከኮሌጁ ተማሪዎች አንዱን ማታ ማታ እንዲያስጠናኝ ለመንኩት። እሱ ጽሑፉን አስጠናኝ፣ እኔ ሞተር አስፈታሁት። ሁለታችንም ተጠቀምን።

ማረጋገጫውን ካገኘሁ በኋላ ንግድ ፈቃድ ቀላል መስሎኝ ነበር። ፈቃድ አድራሻ ይፈልጋል። አድራሻ ማለት ደግሞ የጸደቀ የኪራይ ውል ነው። የምሠራበት ቤት ባለቤት ጥሩ ሰው ናቸው። «ጋሼ፣ ውል እንፈራረም» ስላቸው ግን ፊታቸው ተቀየረ። «ልጄ፣ እኔ ውል ከፈረምኩ የኪራይ ግብር ይመጣብኛል። ከፈለግህ እንዲሁ ሥራ፣ ካልሆነም ቤቱን ተው» አሉኝ። እኚህ ሰው ጡረተኛ ናቸው። ኪራዩ መተዳደሪያቸው ነው። ስንት ባለሙያ እዚህ ላይ እንደሚቆም አያለሁ። ፈቃድ የሌለው ስለሆነ በድብቅ ይሠራል፣ በድብቅ ስለሚሠራ ትልቅ ሥራ አያገኝም።

እኔ የወጣሁበት መንገድ ይህ ነው። ከኪራዩ ላይ ሊመጣ የሚችለውን ግብር አብረን አሰላን። ግማሹን ኪራዩ ላይ ልጨምር ተስማማሁ። ከብዶኝ ነበር፣ ግን አዋጥቶኛል። ሌላው መንገድ በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅቶ ሼድ፣ ማለትም የመሥሪያ ቦታ፣ መጠየቅ ነው። ሼድ ካገኛችሁ አድራሻው ራሱ ይፈታል። ነገር ግን ለመደራጀት ብቻ ብላችሁ የማታውቁትን አባል አታስገቡ። የማይመጣ አባል ያለበት ማኅበር ፊርማ በተፈለገ ቁጥር ይቆማል።

የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩን ግን ከሁሉም አስቀድማችሁ አውጡ። መለያ ቁጥር ለሌለው ሰው ድርጅት ሲከፍል የሚቆርጠው መለያ ቁጥር ካለው እጅግ ይበልጣል።

ብድር ላይ ደግሞ የመጀመሪያው ጥያቄ «ካርታ አለህ?» ነው። የቤት ካርታ ማለታቸው ነው። «ካርታ የለኝም፣ ማሽን አለኝ» ስል «ማሽን አንይዝም» ተባልኩ። ሕጉ ግን ይፈቅዳል። የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና መብት አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ከወጣ ቆይቷል። ማሽን፣ ከብት፣ ምርት ዋስትና መሆን ይችላሉ። የሚመዘገቡበት መዝገብም በብሔራዊ ባንክ ሥር ተቋቁሟል። በትንንሽ ከተሞች ያሉ ሁሉም የብድር ሠራተኞች ግን አልለመዱትም። ስትሄዱ አዋጁን በስሙ ጥሩት፣ «የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና ታበድራላችሁ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። አንዱ ቅርንጫፍ እምቢ ቢል ሌላው ጋ ሂዱ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ማሽኑ የእናንተ መሆኑን ማሳየት አለባችሁ። እኛ ዕቃ የምንገዛው ከሰው እጅ ነው፣ ያለ ደረሰኝ። የብየዳ ማሽኔን ከአንድ ሱቁን ከሚዘጋ ሰው ነው የገዛሁት። ከዚያ ወዲህ የምገዛውን ሁሉ በሽያጭ ውልና በምስክር አደርገዋለሁ። የማሽኑን ቁጥር ውሉ ላይ ጻፉ።

ለትልልቅ ማሽን የሊዝ ፋይናንስ የሚባለው አለ። የኢትዮጵያ ልማት ባንክ 20 በመቶውን አንተ ስታዋጣ 80 በመቶውን እሱ ሸፍኖ ማሽኑን ይገዛል። ዋስትናው ማሽኑ ራሱ ነው። ቶርኖ (የብረት መቅረጫ ማሽን) ለማስገባት የሚያስብ የተደራጀ ቡድን ይህን ቢጠይቅ ጥሩ ነው። ለእኔ ዓይነቱ ሰው 20 በመቶውም ቀላል ገንዘብ አይደለም። እኔ በመጨረሻ የተበደርኩት ከአነስተኛ የብድር ተቋም በቡድን ዋስትና ነው። ገንዘቡ ትንሽ ነበር። ከወቅቱ በፊት መለዋወጫ ገዛሁበት፣ ከወቅቱ በኋላ መለስኩት። ሁለተኛው ብድር ሲመጣ ደብተሬን አሳየኋቸውና ከፍ አደረጉልኝ።

አሁን ወደ ገበሬው።

መካኒክ የገበሬውን ኑሮ ከቅርብ ያያል፣ ምክንያቱም ሒሳቡ አብሮት ነው። ፓምፕ በኅዳር ይበላሻል። ሽንኩርት የሚወጣው በየካቲትና መጋቢት ነው። «ማስተር፣ ሽንኩርቱ ሲወጣ እከፍልሃለሁ» ይሉኛል። «እሺ ኦቦ፣ ችግር የለም» እላለሁ። ምን ልል እችላለሁ? ማሳው ከደረቀ ለሁለታችንም የለም። ስለዚህ የእኔ ገንዘብ እነሱ ማሳ ውስጥ ይቆያል። መለዋወጫ የሸጠልኝ የመርካቶ ነጋዴ ግን እስከ መጋቢት አይጠብቀኝም።

ገበሬው ያኔ ገንዘብ የሚያገኘው ከደላላ ነው። ደላላው ለዘር፣ ለኬሚካል፣ አንዳንዴ ለነዳጅም አስቀድሞ ይሰጣል። ወለድ አይጠይቅም። ሽንኩርቱ ሲደርስ ግን ገዢውን የሚያመጣው እሱ ነው፣ ዋጋውንም የሚናገረው እሱ ነው። አካባቢው ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለሚነቅል ዋጋው ይወርዳል። በደንብ የደረቀና አየር የሚያገኝ ቦታ የተቀመጠ ሽንኩርት ሁለትና ሦስት ወር ይቆያል፣ ዋጋው እስኪነሳ መጠበቅ ይቻል ነበር። ዕዳ ያለበት ሰው ግን አይጠብቅም።

ደላላን ሁሉ ሌባ እያደረጉ ማውራት አልወድም። እውነቱ ይህ ነው፤ ያለ ካርታና ያለ ዋስ፣ የማሳውን ሽንኩርት ብቻ አይቶ ለገበሬው ገንዘብ የሚሰጠው እሱ ብቻ ነው። ባንኩ ያን ሽንኩርት እንደ ንብረት ቢያይ ኖሮ ደላላው ዋጋ የሚወስንበት ጉልበት ይቀንስ ነበር።

መሬቱስ? በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም። ስለዚህ ለብዙ ዓመት ገበሬው በመሬቱ ይበደራል የሚለው ነገር አልነበረም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 1324 ግን የመጠቀም መብቱን ለብድር ዋስትና ማድረግን ይፈቅዳል። መሬቱ አይሸጥባችሁም፣ የሚያዘው የመጠቀሙ መብት ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው የይዞታ ማረጋገጫ ነው፣ በተለይ ካርታ ያለበት ሁለተኛ ደረጃ የሚባለው። እጃችሁ ላይ ከሌለ ወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ጠይቁ። ለአንድ ወቅት ማዳበሪያ ብላችሁ ግን የብዙ ዓመት መብት አታስይዙ። ባልና ሚስት ሁለቱም ሳይስማሙ ምንም እንዳይፈረም።

የሚስት ነገር ከተነሳ፣ አንዲት ደንበኛዬን ላንሳ። ባላቸው ሞቶባቸው ማሳውን ራሳቸው ነው የሚያለሙት። ከብዙ ወንድ ይልቅ ፓምፓቸውን በደንብ ይይዛሉ። የማኅበሩ አባልነት ግን በሟች ስም ነበር። ማዳበሪያ ሲመጣ ስማቸው የለም፣ የነዳጅ ደብዳቤ ሲጻፍ ስማቸው የለም። «አዴ፣ ስሙን ለምን አያዞሩትም?» ስላቸው «ማን ይነግረኛል ልጄ?» አሉኝ። የወራሽነት ማስረጃ፣ የቀበሌ ደብዳቤና የማኅበሩ ውሳኔ ነበር የፈለገው። ተመላልሰው ጨረሱት። እናቶቻችሁና እህቶቻችሁ እንዲህ ካሉ ዛሬውኑ ጠይቁላቸው። ወቅቱ ከገባ በኋላ የሚደርስ ወረቀት ለዚያ ዓመት አይጠቅምም።

የነዳጅ ደብዳቤ ያልኩት ለማያውቅ ሰው ግልጽ ላይሆን ይችላል። ነዳጅ በጀሪካን መሸጥ የተከለከለ ነው። ማደያ ለገበሬ በጀሪካን የሚቀዳው ከቀበሌ ወይም ከግብርና ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ሲያመጣ ነው። ክልከላው የመጣው ነዳጅ በድብቅ እየወጣ ስለሚሸጥ መሆኑ ይገባኛል። ግን ፓምፕን ተሸክሞ ማደያ መሄድ አይቻልም። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ክፍያው በቴሌብርና በመሳሰሉት ሆኗል። ስማርት ስልክ የሌለው ሰው በተራ ስልክም *127# ደውሎ መክፈል ይችላል። ሲም ካርዳችሁ በሌላ ሰው ስም ከሆነ ግን በስማችሁ አዙሩት። ደብዳቤውን በጥቅምት ጨርሱት። ሽንኩርት ውሃ ሲጠማው ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ቢሏችሁ ምንም ማድረግ አትችሉም።

አሁን እኔና አንዳንድ ደንበኞቼ የምንሠራበትን ስምምነት ልንገራችሁ። ከሁሉም በላይ የጠቀመን እሱ ነው።

ጎረቤት ገበሬዎች ተሰባስበው እንደ ዕቁብ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ያዋጣሉ፣ ክረምቱን ሙሉ። በመስከረም ገንዘቡን ይዤ መርካቶ እሄዳለሁ። ሲል፣ ካንዴላ፣ የማስነሻ ገመድ፣ የአየር ማጣሪያና ዘይት ለሁሉም በአንድ ላይ እገዛለሁ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የመለዋወጫ ዋጋ ተረጋግቶ አያውቅም፣ አስቀድሞ መግዛት ራሱ ትርፍ ነው። ከዚያ መስክ ላይ ወጥቼ የሁሉንም ፓምፕ ሳይበላሽ አያለሁ። የሚያጠጡት ውሃ ምን ያህል እንደሆነ በበርሜል እንለካለን። በርሜሉ 200 ሊትር ነው። በ24 ሰከንድ ከሞላ ፓምፑ በሰዓት 30 ሜትር ኩብ ይሰጣል። ከ36 ሰከንድ በላይ ከፈጀ ይፈታል።

ስምምነቱ በአንድ ገጽ ወረቀት ተጽፏል። በወቅቱ ውስጥ የእጅ ዋጋዬ ስንት እንደሆነ፣ ፓምፕ ቆመ ስባል በስንት ጊዜ ውስጥ እንደምደርስ፣ መለዋወጫው ከየት እንደሚወጣ፣ የቀረው ሒሳብ መቼ እንደሚከፈል ይላል። ፓምፑ ውሃ ሳይሞላ ተነስቶ ሲል ቢቃጠል ወጪው የባለቤቱ ነው። ጠግኜ በሳምንቱ በዚያው ብልሽት ቢቆም ደግሞ እጄን በነፃ እሠራለሁ። መጀመሪያ «በመካከላችን ወረቀት ምን ያደርጋል?» ያሉኝ ነበሩ። በኋላ ግን ያ ወረቀት ብዙ ሥራ ሠራ። እኔ ለብድር ተቋሙ የሚመጣ ገቢ እንዳለኝ አሳየሁበት። እነሱም ደላላውን ለነዳጅና ለመለዋወጫ መለመን ቀነሱ። አንዳንዶቹ ሽንኩርታቸውን ትንሽ አቆይተው መሸጥ የቻሉት የዚያ ዓመት ዕዳቸው ስለቀነሰ ነው።

ሁሉም አልተሳካም። አንዱ ቡድን መሃል ላይ ፈረሰ። መሬታቸውን ለኢንቨስተር ያከራዩ ሲበዙ መዋጮው ቆመ። ማሳውን አከራይቶ በዚያው ማሳ ላይ የቀን ሠራተኛ የሚሆን ገበሬ ማየት ያሳዝነኛል። ያከራየው ደግሞ ብዙ ጊዜ በስንፍና አይደለም። ፓምፑ ቆሞበት መጠገኛ ስላጣ ነው።

ስለዚህ ለፕሮጀክቶችና ለጽሕፈት ቤቶች አንድ ጥያቄ አለኝ። በየማኅበሩ መጋዘን ሄዳችሁ እዩ። በእርዳታ የመጣ፣ ቀለሙ ያልለቀቀ፣ አንድ ሲል ወይም አንድ ኩሽኔታ ጎድሎት የቆመ ፓምፕ ታገኛላችሁ። ፓምፕ ስትገዙ የሁለት ዓመት መለዋወጫውን አብራችሁ ግዙ። ዓይነቱን አታብዙት። በአንድ ቀበሌ አምስት ዓይነት ፓምፕ ካለ የአንዱ ዕቃ ለሌላው አይሆንም። የጥገና ጨረታ ስታወጡ ደግሞ በየወረዳው ከፋፍላችሁ አውጡት። ብቃት ማረጋገጫ ያለው የአካባቢው ጠጋኝ የማስከበሪያውን ገንዘብ ማሟላት እንዲችል መጠኑን ዝቅ አድርጉ። ከተጠገነ በኋላ በሦስተኛው ወር ፓምፑ ሲቆም ገበሬው የሚደውለው ለዚያው ጠጋኝ ነው።